ያየ ሰው ላላየ ሰው ያለበት ዕዳ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር በገዛ ዓይኑ የሚያየው እጅግ ጥቂት፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ የሚቀበለው ግን እጅግ ብዙ ነው። የተወለደበትን ቀን እንኳ የሚያውቀው ከእናቱ ሰምቶ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለፉትን ነገሥታት፣ ከባሕር ማዶ ያሉትን አገሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እምነቱን የመሠረተባቸውን ታላላቅ ነገሮች፣ «አይተናል» ያሉ ሰዎች ባይነግሩት ኖሮ ከየት ባገኛቸው ነበር? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እምነትን ከመስማት ጋር ማያያዙ፣ ጌታችንም ለቶማስ ከተገለጠለት በኋላ ሳያዩ የሚያምኑትን ብፁዓን ማለቱ፣ ይህ የመስማት ነገር ከሰው ሕይወት ዳር የቆመ ሳይሆን መካከሉን የያዘ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የአሳቢዎችን ልቡና ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም፣ ያላየ ሰው ያየውን ሰው አምኖ መቀበል የሚገባው በምን ምክንያት ነው? ያየውስ ሰው ላላየው ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ሊቃውንት ይህን ነገር ሲመረምሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የሐዋርያትን ስብከትና የሰማዕታትን ገድል ነው፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ታላቁ ነገር በታናሹ ውስጥ ሲታይ አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ይገለጣልና፣ እኔ ጥያቄውን ይዤ የምወርደው ወደ ጨዋታ ሜዳ ነው። አስቀድመው ራሳቸው በሜዳ የሮጡና የታገሉ፣ ኋላ ግን ጨዋታን በራዲዮ በማስተላለፍ ፈር ቀዳጅ የሆኑ ሰዎች፣ ማይክሮፎን ፊት በቀረቡ ጊዜ የገጠማቸው ፈተና ይኸው የምስክርነት ፈተና ነበረና። ቍጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን የሚናገሩት እውነት መሆኑን በዚያችው ደቂቃ በዓይኑ ሊያረጋግጥ የሚችል አንድ ስንኳ የለም።

የዚህ ሥራ ምሳሌ ራዲዮ ከመፈልሰፉ እጅግ አስቀድሞ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት፣ ሠራዊቱ ከልጁ ከአቤሴሎም ጋር በሚዋጋበት ቀን፣ በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጦ ወሬ ይጠባበቃል፤ ዘበኛው ደግሞ በበሩ ሰገነት ላይ ወጥቶ ከሩቅ ይመለከታል። ንጉሡ ከታች ነውና ምንም አያይም። ዘበኛው አንድ ሰው ብቻውን ሲሮጥ ባየ ጊዜ ያየውን ወደ ታች ጮኾ ይናገራል፤ ሁለተኛ ሯጭ ብቅ ሲል ያንኑ ይጨምራል፤ የፊተኛውም ሯጭ መልኩ ገና ሳይለይ፣ ከአሯሯጡ ብቻ፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ እንደሚመስለው ያመለክታል። ሯጩ ደግ ሰው ነውና መልካም ወሬ ይዞ ይመጣል ብሎ የተረጐመው ንጉሡ እንጂ ዘበኛው አይደለም። ዘበኛው፣ የንጉሡ ልብ በጭንቀት ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ዓይኑ ከደረሰበት አንዲት እርምጃ አላለፈም፤ ንጉሡን ደስ ለማሰኘት አልጨመረም፤ እንዳያሳዝነውም ብሎ አላጐደለም።

ወሬውን ይዘው የመጡት ሁለቱ ሯጮች ግን አንድ ዐይነት ሰዎች አልነበሩም። አኪማአስ የንጉሡ ልጅ መሞቱን ከጦር አለቃው ከኢዮአብ ሰምቶ ነበረ፤ ኋላ ተነሥቶ ሳለ በሜዳው መንገድ ሮጦ ከእርሱ በፊት የተላከውን ቀደመ፤ ንጉሡ ስለ ልጁ ደኅንነት በጠየቀው ጊዜ ግን ታላቅ ሽብር ማየቱን ብቻ ተናግሮ የሚያውቀውን ሸሸገ። ከኩሽ ወገን የሆነው መልእክተኛ በፍጥነት ተሸንፎ ወደ ኋላ ቢቀርም፣ በሐዘኔታና በአክብሮት ቃል፣ ነገር ግን ሳይሸሽግ፣ እውነቱን ለንጉሡ አስረከበ። በእግር የቀደመው በምስክርነት ኋለኛ ሆነ፤ በእግር የተቀደመው ደግሞ ዕዳውን ከፈለ። የአንባቢን ልብ የሚነካውም ይህ ነው፤ አኪማአስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንጉሡን ይወድ ነበረና ነው እውነቱን የነፈገው። ፍቅር ምስክርን ያበላሻልን? የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ቦታ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1927 ዓ.ም. በትዊክንሃም ሜዳ የእንግሊዝና የዌልስ የራግቢ ቡድኖች ሲጋጠሙ፣ በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ጨዋታ ሂደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር ጥር 7 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን የቅድስት ሥላሴን በዓል የምታከብርበት፣ የሰናዖር ግንብ ፈርሶ የሰው ልጅ አንዱ የሌላውን ቃል መስማት የተሳነውን ነገር የምታስብበት ዕለት መሆኑ ነው። የቀኑ መገጣጠም የታሰበበት አይደለም፤ ቢሆንም፣ የሰዎች መስማማት የፈረሰበት በሚታሰብበት ዕለት አንድ ሰው በአንዲት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ በሩቅ ላሉ ለማያያቸው ሰዎች ያየውን ሊያስረዳ መድከሙን አስቤ በአንክሮ ሳልመለከተው ማለፍ አልቻልሁም።

ከዚያ ቀን በፊት የጋዜጣ ባለቤቶችና የወሬ ድርጅቶች ገበያችን ይጐዳል ብለው ስለ ተከላከሉ፣ ራዲዮ ጨዋታን በቀጥታ እንዳያስተላልፍ ተከልክሎ ነበር፤ ቢቢሲ በንጉሣዊ ቻርተር አዲስ መሠረት የያዘው ያ ዓመት በገባበት በመጀመሪያው ቀን ሲሆን፣ ልክ በሁለት ሳምንቱ ማይክሮፎኑ ሜዳ ወረደ። ለሥራው የተመረጠው ሰው ሄንሪ ዌክላም ይባላል፤ ሰዎች ቴዲ እያሉ ይጠሩታል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሐርለኩዊንስ ቡድን ራግቢ የተጫወተና ቡድኑን በአለቅነት የመራ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በመኰንንነት ያገለገለ ሰው ነበረ። ይህን ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሚከተለው አርአያም በአገሩ አላገኘም።

የዝግጅቱ ኀላፊ ላንስ ሲቭኪንግ ግን ሁለት ብልሃቶችን አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ይህ ነው፤ የሜዳው ሥዕል በስምንት አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ቍጥር ተሰጥቶት፣ ራዲዮ ታይምስ በተባለው መጽሔት ታትሞ ለሕዝብ ተሠራጨ፤ ዌክላም ጨዋታውን ሲተርክ ረዳቱ ኳሷ ያለችበትን ማዕዘን ቍጥር ከጐኑ ሆኖ ይጠራል፤ አድማጩም በቤቱ ሥዕሉን በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል። ሁለተኛው ብልሃት ግን ከዚህ ይበልጥ የጠለቀ ነበር። ሲቭኪንግ፣ ሴንት ደንስታን ከተባለው የዓይነ ስውራን መኖሪያ አንድ ሰው አምጥቶ ከጎጆዋ መስኮት አጠገብ አስቀመጠና፣ ዌክላም የሚሆነውን ሁሉ ለዚህ ሰው እንዲነግረው አዘዘው። ይህ መኖሪያ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በዚያ ጦርነት የዓይናቸውን ብርሃን ላጡ ወታደሮች፣ ራሱ ዓይኑ በጠፋበት በጋዜጣ ባለቤቱ በአርተር ፒርሰን ነው። እንግዲህ ከጦርነቱ በሁለት ዓይኑ የተመለሰ የቀድሞ መኰንን፣ በዚያው ጦርነት ዓይናቸውን ላጡት ወገኖቹ መኖሪያ ለሆነው ቤት ልጅ፣ ዓይኑን አበደረው ማለት ነው። እንግሊዝ 11 ለ 9 አሸነፈች፤ በሳምንቱ ደግሞ ይኸው ሰው አርሰናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ያደረጉትን የእግር ኳስ ጨዋታ አስተላለፈ።

ስለ ምስክርነት ከተጻፉት ብዙ ሐተታዎች ይልቅ ይህ የሲቭኪንግ ብልሃት አስተምሮኛል ብል ማጋነን አይደለም። ቍጥር ስፍር ለሌለው ሕዝብ የሚናገር ሰው በእውነቱ ለማንም አይናገርም፤ ሕዝብ ፊት የለውምና። ፊት የሌለው አድማጭ ደግሞ ተናጋሪውን ወደ ሁለት ጕድጓዶች ይገፋዋል፤ ወይ ወደ ውዳሴ ከንቱ፣ ራሱን ለማሰማት ብቻ ወደሚናገርበት፤ ወይ ወደ ቸልተኝነት፣ «የሚታይ ነገር ነው» ብሎ ዋናውን ወደሚዘልበት። አንድ ሰው፣ ያውም የሚጐድለውን ነገር በግልጥ የምታውቅለት ሰው፣ በፊትህ ሲቀመጥ ግን ቃልህ ልክ ያገኛል። ኳሷ ወዴት ሄደች? ማን ያዛት? ከመስመሩ ምን ያህል ራቀች? የወደቀው ተነሣን? የሚሉት የማያየው ሰው ጥያቄዎች ሳይነገሩ ይሰማሉ፤ ተናጋሪውም ለእነዚህ መልስ ሲሰጥ ሳለ ሳያውቀው ለሕዝቡ ሁሉ መልስ ሰጥቷል። ሰውን ሁሉ እወዳለሁ ማለት ቀላል፣ አንድ ባልንጀራን መውደድ ግን ከባድ መሆኑን፣ ወንጌልም ፍቅርን የሚፈትነው በባልንጀራ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ነገር ግን ያ ዓይነ ስውር በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ምጽዋት ሊቀበል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግማሹን ስቷል። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ዓይናቸው የማያይ ስንት የቅኔና የዜማ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል! ደቀ መዝሙሩ ቆሞ ቃሉን ሲያደርስ፣ የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ አንዲት ፊደል ጠብቃ መነበብ ሲገባት ላልታ ብታልፍ፣ አንዲት ዜማ ከቦታዋ ብትነቃነቅ፣ መጽሐፍ ዘርግተው ከሚከተሉት ባለ ዓይኖች ይልቅ እርሳቸው ፈጥነው ይይዟታል። ተማሪው ባለ ዓይን ነው፤ ዳኛው ግን የማያዩት መምህር ናቸው። እንዲሁም ትዊክንሃም ላይ የተቀመጠው ሰው የዌክላም ዕዳ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የቃሉም ሚዛን ነበረ። የሚሰማው ነገር እርስ በርሱ የማይገጥም፣ አንዱ እርምጃ ከሌላው የማይያያዝ ቢሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨልምበት እርሱ ነውና። ስለዚህ ላነሣነው ጥያቄ አንደኛው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ያላየ ሰው ያየውን አምኖ መቀበል የሚገባው በጭፍን አይደለም፤ ማድመጥም ራሱ መመርመር ነው፤ እምነትም የሚጀምረው ከዚህ የተመረመረ መስማት ነው።

አሁን ደግሞ ምስክሩ አስቀድሞ ስፖርተኛ መሆኑ ለምን እንደ ጠቀመ እናስብ። ዘበኛው አኪማአስን በአሯሯጡ እንዳወቀው ሁሉ፣ በሜዳ የኖረ ሰው የተጫዋቹን አሳብ ከትከሻው ዘንበል ማለት፣ የሯጩን ድካም ከክንዱ መዛል ያነብባል፤ ዓይኑ የሚያየውን ሥጋው አስቀድሞ ያውቀዋል። ሆኖም ይህ ዕውቀት ያለ ተዓቅቦ ቢሆን እንቅፋት ይሆናል። ትናንት ሕዝብ ስሙን እየጠራ ያጨበጨበለት ሰው ዛሬ በጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ሌሎች ሲሮጡ መናገር፣ እግሩን ሰጥቶ ድምፅ ብቻ መቀበል፣ ትንሽ የነፍስ ሥራ አይደለም። ዮሐንስ መጥምቅ ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ራሱን ድምፅ ብሎ ማስታወቁን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንዲልቅ እርሱ ማነስ እንደሚገባው መናገሩን የምናውቅ ሰዎች፣ የምስክርነት ሥርዐቱ ሁሉ በዚህ ትሕትና ላይ እንደ ቆመ እንረዳለን።

እዚህ ላይ ነው ያቈየነው ሁለተኛው ጥያቄ፣ ፍቅር ምስክርን ያበላሻልን? የሚለው፣ የሚመለሰው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ አብርሃምስ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ሩጫ በ10.6 ሴኮንድ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በዓመቱ ርዝመት ሲዘል እግሩ ተሰበረና የሯጭነቱ ዘመን አበቃ። ከዚያ በኋላ ብዕርና ማይክሮፎን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም.ም፣ የአይሁድ ወገን የሆነው ይህ ሰው፣ ሂትለር በሚገዛት በበርሊን ተቀምጦ የኦሊምፒኩን የ1500 ሜትር ፍጻሜ በራዲዮ አስተላለፈ። ወዳጁ የኒው ዚላንዱ ጃክ ላቭሎክ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ተፈትልኮ ሲወጣ፣ አብርሃምስ የአስተላላፊነቱን እርጋታ ጥሎ በወዳጁ ስም እየተጣራ ግፋ፣ በርታ ይለው ጀመር። ላቭሎክ በ3 ደቂቃ ከ47.8 ሴኮንድ፣ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ያን ስርጭት ገለልተኝነት የጐደለው ነው ብሎ የሚነቅፍ ሰው ምክንያት አለው። እኔ ግን አብርሃምስን ከሐሰተኛ ምስክር ጋር አልቈጥረውም፤ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ከአድማጩ አልሸሸገም፤ ፍቅሩም የሯጮቹን ተራ አላዛወረም፤ ቀዳሚውን ቀዳሚ፣ ተከታዩን ተከታይ አለ። አኪማአስ ለንጉሡ ያለው ፍቅር እውነቱን አስዋጠው፤ አብርሃምስ ለወዳጁ ያለው ፍቅር እውነቱን በታላቅ ድምፅ አስጮኸው። እንግዲህ ምስክርን የሚያበላሸው ፍቅር ሳይሆን፣ ፍቅርን ምክንያት አድርጎ የሆነውን ነገር መለወጥ ነው።

ሦስተኛው ሰው ከአሜሪካ ነው። ሮናልድ ሬገን፣ ኋላ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1989 ዓ.ም. የአገሩ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በወጣትነቱ በዩሬካ ኮሌጅ የአሜሪካን እግር ኳስ ይጫወት ነበረ፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአዮዋ ግዛት በራዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ ሆነ። በቺካጎ የሚደረገውን የቤዝቦል ጨዋታ የሚያስተላልፈው በሜዳው ተገኝቶ ሳይሆን፣ ከስቱድዮ ሆኖ በቴሌግራም የሚደርሰውን አጭር ወሬ እያስፋፋ፣ የሚያይ መስሎ በመተረክ ነው። ራሱ ደጋግሞ እንዳወጋው፣ አንድ ቀን በጨዋታው መጨረሻ ላይ የቴሌግራሙ መስመር ተቋረጠ። አድማጩን ወሬ ተቋርጧል እንዳይለው ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄድብኛል ብሎ ፈራ፤ ስለዚህ መችው ኳሷን ደጋግሞ ከመስመር ውጭ ሲመታ እንደሚታየው አድርጎ፣ መስመሩ እስኪቀጠል ድረስ ለብዙ ደቂቃዎች ተረከ። መስመሩ ሲመለስ የመጣው ወሬ ግን መችው በመጀመሪያው ኳስ መውጣቱን የሚናገር ነበር። ሰዎች ይህን ታሪክ የብልሃት ጨዋታ አድርገው ይወዱታል፤ በእርግጥም ማንም አልሞተበትም፤ ገንዘብም አልተሰረቀበትም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በአዮዋ አንድ ዓይነ ስውር ራዲዮውን ከፍቶ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ያላየውን ሰው ዓይን አድርጎ ባልነበረ ሜዳ ውስጥ ሲመላለስ ነበር ማለት ነው። ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ ለማያይ ሰው መስጠት፣ ድንጋይን እንጀራ ነው ብሎ በእጁ እንደ ማስያዝ ነው።

ሬገን ምን ማድረግ ይገባው ነበር? ዝም ማለት፣ ወይም ወሬው እንደ ተቋረጠ መናገር። ዘበኛው ከሁለተኛው ሯጭ በኋላ ያየው ነገር ባልነበረ ጊዜ ሦስተኛ ሯጭ አልፈጠረም። ዝምታም የምስክርነት ክፍል ነው፤ እንዲያውም የምስክሩ ቃል የሚታመነው የማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ ዝም የሚል መሆኑ ሲታወቅ ነው። ጨዋታ ቀላል ነገር ነው፤ በቀላል ነገር ላይ የተጨመረ ቃልም ቀላል ነው የሚል ሰው፣ በጥቂቱ የታመነ በብዙው እንደሚታመን፣ በጥቂቱ ያመፀም በብዙው እንደሚያምፅ ጌታችን ያስተማረውን ያስታውስ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የፍርድ አደባባይን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኞቻችን አንድ ቀን እንኳ ሳንፈተንበት በሞትን ነበር፤ ነገር ግን ሰው ወሬ በሚጠይቅበት ስፍራ ሁሉ አደባባይ አለ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ ዛሬ ሥዕሉ ራሱ በየቤቱና በየኪሱ ይታያልና ይህ ዕዳ ተሠርዟል ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በትዊክንሃም የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታይ አስተላላፊው ይኸው ዌክላም ነበረ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማያይ ሰው ይናገር የነበረው አሁን ለሚያይ ሰው ሊናገር ተጠራ። ይሁን እንጂ ሥዕልም ቢሆን ከሜዳው ራሱ ተነሥቶ አይመጣም፤ መሣሪያውን ወደዚህ ያዞረ፣ ከዚያ የመለሰ፣ ይህን ያሳየና ያንን ያስቀረ ሰው ከበስተኋላው አለ። ዛሬ የምናየውም ሌላው ያየልንን ነው፤ ስለዚህ ዕዳው አልተሠረዘም፤ ተባዛ እንጂ። ቀድሞ ማይክሮፎን የሚይዙት ጥቂቶች ነበሩ፤ አሁን ግን ማንኛውም ሰው ያየውንም ያላየውንም ለሺህ ጆሮ የሚያደርስበት መሣሪያ በእጁ ይዞ ይዞራል። አገራችን ደግሞ ባልተጣራ ወሬ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አይታለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ወሬ ከማውራትህ፣ ከመጻፍህም በፊት፣ ሲቭኪንግ እንዳደረገው አንድ የማያይ ሰው በፊትህ አስቀምጥ፤ ከአንተ ቃል በቀር ሌላ ዓይን እንደሌለውም አስብ። ያየኸውን ቅደም ተከተሉን ሳታዛባ ንገረው፤ ልብህ ወደ አንዱ ወገን ያዘነበለ ቢሆን አትሸሽገው፤ የማታውቀው ላይ ስትደርስ አላየሁም በለው። ያየውን የሸሸገ ሰው ዕዳውን አልከፈለም፤ ያላየውን የጨመረ ግን ከማያየው ሰው ላይ ሰርቋል።